ማሽኑን በሊዝ፣ ጨርቁን በብድር? ከኮምቦልቻ የመጣ ጥያቄ

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ በኋላ እዚያ ካለ አንድ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ሥራ የጀመርኩት በክር ቆራጭነት ነው። ከዚያ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ማሽን) ላይ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ የአንድ መስመር ሱፐርቫይዘር ሆኜ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ድረስ መጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ እኛም ተበተንን።

አሁን ከአራት የድሮ ባልደረቦቼ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል እንሠራለን። ሁለት የቤት ሲንጀርና አንድ ያገለገለ ኦቨርሎክ አለን። የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጋዋን፣ የሆቴል አንሶላ እንሰፋለን። ሥራ ሞልቷል። ባለፈው ክረምት ከመጣልን የዩኒፎርም ትዕዛዝ ግማሹን መለስን። ማሽናችን አይችልም፣ ጨርቅ በብዛት የምንገዛበት ገንዘብም የለንም። እጃችን የሚችለውን ሥራ ለሌላ አሳልፎ መስጠት አንጀት ያሳርራል።

ስለዚህ መንግሥት ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ያደርጋል የሚባለውን ድጋፍ ለመጠየቅ ወስነናል። የሚያማክረን ሰው ግን አጣን። አንዱ ብድር ውሰዱ ይላል፣ አንዱ ማሽን በሊዝ ይሰጣችኋል ይላል። አንድ ሰውዬ ደግሞ ቢዝነስ ፕላን ጽፌ ጉዳዩን እጨርስላችኋለሁ አለን። የጠየቀው ክፍያ የሁለት ወር የቤት ኪራያችንን ያህላል። ብድሩ ሲወጣም ድርሻ እፈልጋለሁ ብሏል።

ከመካከላችን ሁለቱ ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ አንገባም ብለዋል። ሃይማኖታቸው ነው፣ አከብረዋለሁ። ሌላዋ ደግሞ አረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። ትሂድ አትሂድ ገና አልቆረጠችም። ቤት ያለው፣ ካርታ የሚያስይዝ ዘመድ የለንም።

ከየት እንጀምር? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩን።

---

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

እህቴ፣ አብሽሪ። ያለሽበት ቦታ መጥፎ አይደለም። ሥራ ሞልቶት ማሽን ያነሰው፣ ማሽን ይዞ ሥራ ካጣው ሺ ጊዜ ይሻላል። እኔ ደሴ ውስጥ ረጅም ዓመት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ማኅበር ሲቋቋምም ሲፈርስም አይቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰውዬውን ተዉት። ቢዝነስ ፕላን ስታዘጋጁ ማገዝ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚስተናገዱበት የመንግሥት የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫው ሥራ ነው። ክፍያ የለውም። የኮሌጅ አሠልጣኞችም አሉ። እናንተ ጋ ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ አለ፣ እኛ ጋ ወይዘሮ ስህን። የኤክስቴንሽን ድጋፉ አራት ነገር ይዟል፦ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና፣ የሙያ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂና ካይዘን (ብክነት እየቀነሱ አሠራርን ማሻሻል)። ለዚህም ገንዘብ አይጠየቅም። ድርሻ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ጋ ጨርሶ አትቀመጡ። ብድሩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ እሱ በዕዳው ላይ ስሙ የለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰው የጻፈልሽን ፕላን የብድር ባለሙያው ሲጠይቅሽ ማስረዳት አትችዪም። «በቀን ስንት ሱሪ ታወጣላችሁ?» ይልሻል። ወረቀቱ ላይ ያለውና አንቺ የምትዪው ከተለያየ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። አንቺ እኮ ሱፐርቫይዘር ነበርሽ! አንድ ኦቨርሎክ በሰዓት ስንት ቁራጭ እንደሚያወጣ፣ ስንቱ በኳሊቲ እንደሚመለስ፣ ክር ስንት እንደሚበላ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ያንን በእጅሽ ጻፊው። አማርኛው ባያምር ግድ የለም። ቁጥሩ ያንቺ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምትፈልጉት ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው፣ በሩም ሁለት ነው። ማሽን ለዓመታት ይሠራል፣ ዋጋውም በዓመታት ይመለሳል። ጨርቅ በሐምሌ ተገዝቶ በመስከረም ይሸጣል። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አጭር ጊዜ ብድር ወስደው ማሽን ይገዙበታል። ማሽኑ ገና ሥራ ሳይለምድ መክፈያው ይደርሳል። ጨርቅ መግዣም አይተርፋቸውም።

ለማሽኑ ሊዝ ነው የሚሻላችሁ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ በሕግ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ነው፣ በኋላ በ807/2005 ተሻሽሏል። በእኛ ክልል ይህን የሚሠራው ዋልያ ካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክም የሊዝ ፋይናንስ አለው፣ እሱ ግን ወደ ትልልቁ ያደላል። አሠራሩ ቀላል ነው። የምትፈልጉትን ማሽን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ድርጅቱ ይገዛዋል፣ እናንተ እየሠራችሁበት ትከፍላላችሁ። ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። ለዚህ ነው ቤት አስይዙ የማትባሉት። ማሽኑ ራሱ መያዣ ነው።

ከእናንተ የሚጠበቀው ቅድሚያ መዋጮ ነው። የተለመደው 20 በመቶ ነው። ለምሳሌ ማሽኖቹ በድምሩ 400,000 ብር ቢሆኑ 80,000 ብር ታዋጣላችሁ። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 16,000 ይደርሳል። የቀረው 320,000 በሦስት ዓመት ይከፈል ብንል፣ ዋናው ብቻ በወር ወደ 8,900 ብር ነው። የኪራይ ክፍያው በዚያ ላይ ይታሰባል። ይህን ሒሳብ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አምስታችሁም ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። በተለይ ጥር ላይ፣ የካቲት ላይ ስንት እንደምታገኙ አስቡ። ዩኒፎርም የነሐሴና የመስከረም ሥራ ነው። ክፍያው ግን በየካቲትም አይቀርም። ጋዋኑንና አንሶላውን ለእነዚያ ወራት ያዙት። የክፍያ መርሐ ግብሩ ከሥራችሁ ወቅት ጋር እንዲሄድም ከመፈረም በፊት ጠይቁ። ከፈረማችሁ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።

ለጨርቁ የሥራ ማስኬጃ ብድር ነው። ድሮ አብቁተ የምንለው ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል፣ ከትንሹ ሰው ጋር መሥራት የኖረበት ነው። ካርታ ከሌላችሁ የቡድን ዋስትና አለ፣ እርስ በርስ ትዋዋሳላችሁ። የደመወዝ ዋስም አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ላይ የወጣ ነው። ማሽን፣ የተከማቸ ጨርቅ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር መያዣ መሆን ይችላል። መያዣው ብሔራዊ ባንክ ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል። ባንክ ቤት ስትገቢ «ቤት የለንም» ብለሽ አትጀምሪ። «ይህ ይህ ንብረት አለን» በይ። የራሳችሁን ኦቨርሎክ ቆጥረሽ ግቢ። በሊዝ የምታገኙት ግን እስክትከፍሉ የእናንተ ስላልሆነ አታስይዙትም።

ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 34 ከሆነ ስለ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ጠይቁ። በ2009 በአሥር ቢሊዮን ብር የተቋቋመው ነው። ስሙ እንደሚለው ይዞራል። የወሰደው ሲመልስ ነው ሌላው የሚያገኘው። እሱን ተስፋ አድርጋችሁ ሌላውን አታቁሙ።

አረብ አገር ስለምትሄደው እህታችን ሳልናገር አላልፍም። ኅብረት ሽርክና ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረታችሁ ጭምር ተጠያቂ ናችሁ። አንዷ ብትሄድ ድርሻዋ ብቻ አይደለም የሚጎድለው፣ ዕዳዋም እናንተ ላይ ይቀራል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆናችሁ ግን ተጠያቂነታችሁ ባዋጣችሁት ልክ ነው። በአካል ስትዋዋሱ ያ ከለላ እንደማይሠራም እወቁ። ትሂድ፣ አላህ ይቅናት፣ ግን ውሳኔዋን ከፊርማው በፊት ታሳውቃችሁ። ከወጣች በቃለ ጉባኤ ትውጣ፣ ለውጡም ይመዝገብ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጀመር ይሉኝታ ይዟቸው ዝም ያሉ ጓደኛሞች በኋላ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። ፍቅራችሁ እንዲቆይ ብላችሁ ጻፉት።

---

ሸዋ በር (ደሴ)

ሰላም አለይኩም። ወለዱን በሚመለከት ለሁለቱ እህቶቼ እኔ ልመልስ፣ በዚህ መንገድ ሄጄበታለሁ።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት ዛሬ በብዙ ባንክ መስኮት አለ። ዘምዘምና ሂጅራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ናቸው። ለጨርቅ የሚሆናችሁ ሙራባሃ ነው። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛል፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለእናንተ ይሸጣል፣ እናንተ በተወሰነ ጊዜ ትከፍላላችሁ። ዋጋው ሲፈረም ያልቃል፣ ብትዘገዩም አያድግም።

ይቺን ግን ልብ በሉ። ዕቃውን ቀድማችሁ አትግዙ። ሙራባሃ የሚሆነው ባንኩ መጀመሪያ ባለቤት ሲሆን ነው። የጨርቅ ነጋዴው ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይስጣችሁ፣ ፕሮፎርማውን ለባንኩ ውሰዱ። «ገዝቼ ነው፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ብሎ ሙራባሃ የለም። ደሴ ገበያ ላይ የማውቃቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት ተመልሰዋል። ጨርቁን አስቀድመው በዱቤ ከነጋዴው ወስደውት ነበር።

ነጋዴ ስትመርጡም ደረሰኝ የሚሰጥ ይሁን። ባንኩ ያለ ደረሰኝ አይገዛም። ዋጋው ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ ግን መንገዱ ያ ነው።

ለማሽኑም ኢጃራ የሚባል የኪራይ መንገድ አለ፣ በሸሪዓ የታወቀ ነው። ሊዝ ሁሉ ግን ኢጃራ አይደለም። የሊዝ ውሉን አምጥታችሁ የምታምኑት ዓሊም ያንብበው። ውሉ ላይ የዘገየ ክፍያ እንዴት እንደሚቀጣ የሚለውን አንቀጽ በተለይ ያሳዩት፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አምስታችሁም በአንድ ልብ የምትፈርሙት ነገር ይሁን። ሁለቱ ቅር እያላቸው የሚጀመር ሥራ በረካ የለውም።

---

እንጨት ሠሪው (ደሴ፣ ሙጋድ)

ጋሼ ጦሳ ሁሉን በደንብ አስረድተዋል። እኔ ስለ ጨረታና ስለ ሼድ (መንግሥት በኪራይ ስለሚሰጠው መሥሪያ ቦታ) ብቻ ልጨምር።

እህቴ፣ የመንግሥት ድጋፍ ሲባል ሰው ብድር ብቻ ይመስለዋል። ለእኔ ትልቁ ድጋፍ ገበያው ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ልብስ ያሰፋል። ጋዋን፣ አንሶላ፣ የጥበቃ ዩኒፎርም። የጨረታ ማስታወቂያ ስታነቢ «በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ይችላሉ» የምትለውን መስመር ፈልጊ። እኛ ሲፒኦ (ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዝ የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ማሠሪያ ገንዘብ የለንም፣ ደብዳቤው በእሱ ቦታ ይቆማል። ያንን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ያደራጃችሁ ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ ሳትደራጁ፣ ፈቃድ ሳታድሱ ጨረታ አትሞክሩ። ወረቀታችሁ በነሐሴ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ዝግጁ ይሁን። ማስታወቂያ ወጥቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ያሸነፋችሁ ዕለት ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ። እስከ ውሉ ዋጋ 30 በመቶ የሚፈቀድበት አሠራር አለ። ዝም ካላችሁ ማንም አይሰጣችሁም። ጨረታው ሰነድ ላይ ካለ ውሉ ላይ እንዲገባ አድርጉ። በእሱ ጨርቅ ትገዛላችሁ፣ የምትበደሩትም ያንሳል።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። እኔ ወንበርና ጠረጴዛ ሰኔ ላይ ያስረከብኩት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ተረካቢው ፈረመ፣ ዕቃው ገባ፣ ተማሪ ተቀመጠበት። ክፍያው ግን በጀት ተዘጋ ተብሎ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተሻገረ። ያን ክረምት ሠራተኞቼን የከፈልኩት ከዘመድ ተበድሬ ነው። ማንም ሊያጠፋኝ ብሎ አይደለም፣ ግን እንዲህ ያለ መዘግየት ትንሽ ድርጅትን ይገድላል። ይህን ሹማምንቱ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ሥልጠና ከመስጠት በፊት የሠራነውን በጊዜው መክፈል ይቅደም።

ለእናንተ ደግሞ ጊዜው ከሁሉ የባሰ ነው። ጨርቅ የምትገዙት በሰኔና በሐምሌ ነው። ገንዘባችሁ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከታሰረ የዩኒፎርሙ ወቅት ያመልጣችኋል። ስለዚህ የመንግሥት ሥራ ሲመጣላችሁ ርክክቡ ከግንቦት በፊት እንዲያልቅ አድርጉ። የርክክብ ሰነዱን ኮፒ በእጃችሁ ያዙ። ሰኔ ላይ የሚመጣ ትዕዛዝ ቢያጓጓም ሁለቴ አስቡበት።

ሼድ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ኪራዩ ያንሳል። ግን ከመቀበላችሁ በፊት ኃይሉን እዩ። ሦስት ፌዝ መስመር ገብቷል ወይ? ቆጣሪው የማን ነው? ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሆኖ መብራት እየጠበቁ የቆዩ ልጆች አውቃለሁ። ሼድ ለዘለቄታው እንዳልሆነም እወቁ። ጊዜው ሲደርስ ለሚቀጥለው ትለቃላችሁ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለመውጫው ቆጥቡ።

---

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ። ያነበብኩት ከልጆቹ ጋር ሆኜ ጮክ ብዬ ነው።

ሰውዬውን ዛሬውኑ አሰናበትነው። አረብ አገር የምትሄደው ጓደኛችን እያለቀሰች «እስከ ነሐሴ እቆያለሁ፣ ሊዙ ላይ ግን አልፈርምም» አለችን። እውነቱን ስለነገረችን ወደድናት። ስለዚህ ለአራት ነው የምንካፈለው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆነን ልንመዘገብ ተስማምተናል። ሁለቱ እህቶች የሊዙን ውል ለሚያምኑት ዓሊም ሊያሳዩ ነው፣ ጨርቁን በሙራባሃ።

ጋሼ ጦሳ፣ አንድ ነገር ብቻ። ማሽኑን እኛ እንመርጣለን ብለዋል። ምን ያህል ዝርዝር ይፈልጋሉ? «ኦቨርሎክ» ብሎ መጻፍ ይበቃል?

---

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

አይበቃም፣ እህቴ። ብዙ ሰው የማይሆን ማሽን የሚደርሰው በዚህ ነው። ድርጅቱ የሚገዛው የጻፋችሁትን ነው።

ኦቨርሎኩ ባለ ሦስት ክር ነው፣ ባለ አራት ወይስ ባለ አምስት? የምትሰፉት ቴትሮን ነው ወይስ ወፍራም ካኪ? ሞተሩ ሰርቮ ነው ወይስ ክላች? ሰርቮው መብራት ይቆጥባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ቮልቴጁ ቤታችሁ ካለው መስመር ጋር ይስማማል? ጠረጴዛውና መቆሚያው አብሮ ይመጣል? መርፌና ሉፐር እንደ መለዋወጫ ስንት ይካተታል? ዋስትናው ስንት ወር ነው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይመጣል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ትጭኑታላችሁ? ይህን የመጨረሻውን በተለይ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በነሐሴ የቆመ ማሽን ዓመቱን ይወስደዋል።

ዝርዝሩን ጽፈሽ ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ የጋርመንት ክፍል አሠልጣኝ አንዴ ይይልሽ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። በሚቀጥለው ሳምንት የደረሳችሁበትን እዚሁ ጻፊልን፣ ወረቀቱን አብረን እናየዋለን።